ሲስተር፣ ስለ ዓይን መሸፈኛው እናመሰግናለን

ይህ ምስጋና የልጃችንን ዓይን ለምትከታተለው ነርስ ነው። ስሟን ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን «ሥራዬ አይደል እንዴ፣ ተይው» አለችኝ።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። የአንዱ ዓይኗ የመነጽር ቁጥር ከሌላው በጣም ይለያል፤ በዚህ የተነሳ አንዱ ዓይኗ ደክሟል። መጀመሪያ መነጽር ታዘዘላት። ብዙ ልጆች በመነጽር ብቻ ይሻላቸዋል፤ ለእሷ ግን አልበቃም። ስለዚህ ሐኪሙ ደህናውን ዓይን በቀን 2 ሰዓት በተለጣፊ መሸፈኛ ሸፍኑ አለን። ትእዛዙ አንድ መስመር ናት። የአራት ዓመት ልጅ ፊት ላይ ፕላስተር ለጥፎ ማቆየት ግን ሌላ ጣጣ ነው!

አያቷማ «ደህናውን ዓይን ምን አጠፋ ብላችሁ ነው?» ብለው ሊጣሉን ነበር። ሲስተር እሳቸውንም ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። አእምሮ አጥርቶ የሚያየውን ዓይን ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ይተወዋል። ደህናው ሲሸፈን ግን የግዱን በደካማው ማየት ይለማመዳል። ይህ ደግሞ በልጅነት፣ በተለይ ከ7 ዓመት በፊት፣ ይበልጥ ይሳካል።

ከዚያ እጃችንን ይዛ አሳየችን። ቆዳው ደረቅ ይሁን፣ ክሬም አይኑረው። ዓይኗን ትጨፍን። ጠበብ ያለው ጫፍ ወደ አፍንጫ ይዙር። ጠርዙን ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉት፤ መነጽሩ ከላይ ይደረጋል። እኛ መነጽር ላይ የሚጠለቀው የጨርቅ ዓይነት ይሻላል ብለን ነበር። «በጎን አጮልቃ ታያለች፣ ያኔ ልፋታችሁ ከንቱ ነው» አለችን። ቅንድቧን ስለነካም በትንሹ መጠን ቀየረችልን።

ማንሳቱ ነው ዋናው ፈተና። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠርዙን ማርጠብ፣ ቆዳውን በአንድ እጅ ይዞ ቀስ እያሉ መላጥ። ቆዳው ከቀላ ወይም ካሳከካት በላዩ ላይ ከመለጠፍ እንድንደውልላት ነገረችን። ደውለን እናውቃለን፤ ሌላ ዓይነት ሙጫ ያለው ሰጠችን።

በተሸፈነችበት ሰዓት ቀለም ትቀባለች፣ ዶቃ ትሰካለች፤ በቅርብ ማየት የሚጠይቅ ሥራ። አሻንጉሊቷም መሸፈኛ አላት። ያለ እሱ አንለጥፍም ብላለች እመቤቲቱ።

እኔ ቶሎ ይሻላት ብዬ ሰዓቱን ልጨምር ስል ሲስተር በፍጹም አለች። ደህናውን ዓይን ከልክ በላይ መሸፈን እሱንም ሊያደክመው ይችላል። በየቀጠሮው ሁለቱንም ዓይን የሚለኩት ለዚህ ነው። አሁን በደካማው ዓይኗ ከበፊቱ በመጠን ያነሱ ፊደላትን ታነባለች። ሕክምናው ግን አላለቀም፤ ካቆምን በኋላም ድክመቱ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።

መሸፈኛ የታዘዘላችሁ ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ፈልጉ። የመጀመሪያውን እዚያው ክሊኒክ ውስጥ በራሳችሁ እጅ ለጥፋችሁ፣ በራሳችሁ እጅ አንስታችሁ ውጡ። ልጃችሁ በምንም መንገድ አላስለጥፍ ካለችም ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ደህናውን ዓይን ለጊዜው የሚያደበዝዝ የአትሮፒን ጠብታ አለና ሐኪሙን ጠይቁት።