የሀብት አሰባሳቢዎች ሥልጠና በደብረ ብርሃን፦ ሁለተኛው ቀን እንዳያመልጣችሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አረጋውያንን በሚደግፍ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ሀብት አሰባሳቢ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በጥቅምት እዚሁ ከተማ «የራስን የሙያ ግብ ማውጣት» የሚል የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። 1,800 ብሩን የከፈልኩት ከኪሴ ነው፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ብዙም አልጠቀመኝም። ምሳሌው ሁሉ ስለ ውጭ ለጋሾችና ስለ ትልልቅ ፕሮፖዛል ነበር። እኛን የሚያቆመን ግን እድሩ፣ የገበያ ነጋዴውና በቴሌብር የሚገባው 50 እና 100 ብር ነው። አዳራሹ ደግሞ ይበርዳል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ጋቢ ያዙ፤ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት።

ሁለተኛው ቀን ግን የከፈልኩበትን አወጣልኝ። አሰልጣኟ አንድ ወረቀት ሰጡን። በግራ ቢሮው የሰጠንን ግብ፣ በቀኝ የራሳችንን እንድንጽፍ። ግራው ቶሎ ሞላ፦ በዓመት ይህን ያህል ብር። ቀኙ ባዶ ሆነብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የራሴ የምለው ግብ አልነበረኝም። «ሰው መስጠቱና አለመስጠቱ በእጃችሁ አይደለም» አሉን። «ስንቱን አመሰገናችሁ፣ ምን ተማራችሁ፣ ያ ግን በእጃችሁ ነው።»

ወዲያው አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ትዝ አሉኝ። አምና 5,000 ብር ሰጥተውናል። በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ብሩን ወሰድሽ፣ ድምፅሽ ጠፋ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናም በቀኝ በኩል ጻፍኩ፦ እስከ ገና ለ40 የቀድሞ ለጋሾች እደውላለሁ፣ ብር ሳልጠይቅ። ከሥሩም፦ የድርጅቱን የሒሳብ ሪፖርት ራሴ አንብቤ አስረዳለሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሰው «ከብሬ ስንቱ ለቢሮ ይሄዳል?» ሲለኝ ወደ ሒሳብ ክፍል መምራት ሰልችቶኛል።

ቅር ያለኝ ክትትል አለመኖሩ ነው። በሁለት ሳምንት እንደውላለን ብለው ማንም አልደወለም። ከደብረ ሲና ከመጣች ሰልጣኝ ጋር ግን ዓርብ ዓርብ ማታ እየተደዋወልን ወረቀታችንን እናያለን። ይህን ሥልጠናው ራሱ ማመቻቸት ነበረበት።

እስካሁን ለ23 ሰው ደውያለሁ። የመጀመሪያው ነጋዴው ነበሩ። «ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ።

«ምንም። የአምናው ብር ለእነማን ጫማ እንደገዛ ልነግርዎት ነው» አልኳቸው።