ለበርሜል ውድድር ፈረስ የትኛው ጫማ?

እዚህ ቴክሳስ ልጄ የበርሜል ውድድር ትጋልባለች። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። ፈረሷ እያንዳንዱን ጥምዝ ብላ ዞራ በሰከንዶች ውስጥ መመለስ አለባት። ጫማዋ መሬት ካልያዘ ጉድ ነው።

የምንጠቀመው ሪም የሚባለውን የብረት ጫማ ነው። መሬት በሚነካው በኩል ዙሪያውን ቦይ አለው። አፈር ቦዩ ውስጥ ይጠቀጠቅና ያ አፈር የሜዳውን አፈር ይይዛል። ሥራው በቃ ይኸው ነው። ፈረሷ ስትታጠፍ የኋላ እግሯ አይከዳትም፤ ከጠፍጣፋው ጫማ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም።

ተረከዙ ላይ ጉብታ ያለውን ግን በነፃም ቢሰጡኝ አልፈልግም። ይይዛል፣ እሱስ ይይዛል! ግን ኮቴ ሲያርፍ ትንሽ መንሸራተት አለበት። በድንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ ጫናው ጅማትና መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ለኔ ኪስ አይሆንም።

የሪም ጉድለቱ? ጠርዙ ሲበላ ቦዩም አብሮ ይጠፋል፣ ያኔ ተራ ብረት ነው። ስለዚህ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ኮቴዋ ሲከረከም ጫማውን አገላብጣችሁ እዩት። ደረቅና ጠጣር ሜዳ ላይ ደግሞ ብዙ ተአምር አትጠብቁበት።