መርፌን በራሱ የሚያገኝ አልትራሳውንድ፦ የቱን እንግዛ?

ደሴ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ግዥ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ፕሮፎርማው ላይ «መርፌን በራሱ የሚለይ» የሚል መስመር አለ። ሁላችንም ደስ አለን። «በምን ዘዴ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ማሽኑ ሲገጠም ነገሩ ተገለጠ፤ የሚለየው የራሱን መርፌ ብቻ ነው። አብሮት የመጣው ካርቶን ሲያልቅ አንስቴቲስታችን (የማደንዘዣ ባለሙያችን) «በቃ፣ ወደ ድሮው ተመለስን» አለ።

ችግሩ ይህ ነው። መርፌ ስንወጋ መንገዱን በአልትራሳውንድ እያየን ነው። መርፌ ለአልትራሳውንድ ድምፅ እንደ መስታወት ነው። ተጋድሞ ሲገባ ድምፁን ለፕሮቡ (ቆዳ ላይ ለሚያርፈው የማሽኑ እጀታ) ይመልሳል፣ ደምቆ ይታያል። ቁልቁል ሲገባ ድምፁ ወደ ጎን ይነጥርና መርፌው ይሰወራል። ከፕሮቡ መስመር ትንሽ ከወጣ ደግሞ የምናየው ነጭ ነጥብ ጫፉ ይሁን ወገቡ አይታወቅም። የሚያስጨንቀው ጫፉ ነው፤ ሳንባ የሚወጋው እሱ ነዋ።

ርካሹ መፍትሔ ፕሮቡ ላይ የሚገጠም የመርፌ መያዣ ነው። እውነቱን ለመናገር መርፌውን ፈልጎ አያገኝም፤ መርፌውን ስክሪኑ ላይ በተሰመረው መንገድ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ለጉበት ባዮፕሲ (በመርፌ ናሙና ለመውሰድ) ግሩም ነው። ለነርቭ ብሎክ (ነርቭ አጠገብ ማደንዘዣ ለመውጋት) ግን እጅ ያስራል። ለሌላ ሞዴል ፕሮብም አይሆንም።

ቀጥሎ የድምፅ ጨረሩን ወደ መርፌው የሚያዘነብል ሶፍትዌር አለ። ማንኛውንም መርፌ ያደምቃል፣ አላቂ ዕቃ አይጠይቅም። ቀጥ ያለ ፊት ባለው ሊኒየር ፕሮብ ላይ ጥሩ ነው፤ ሆድ በምናይበት፣ ፊቱ ጎበጥ ባለው ኮንቬክስ ፕሮብ ላይ ይደክማል። መርፌው በጣም ቁልቁል ከሄደም አይደርስበትም።

አሁን ሻጮች የሚያሞግሱት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መርፌው ላይ ባለቀለም መስመር የሚያሰምረውን ነው። ብዙዎቹ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኔት የተባለው የምስል መለያ ዘዴ ልጆች ናቸው። ዓይን ይስባል። ግን የሚሠራው ከምስሉ ተነስቶ ነው፤ ድምፁ ካልተመለሰለት ከየት ያመጣል? የጡንቻ ሽፋንና የአጥንት ጠርዝም ደማቅ መስመር ስለሆኑ ሊያሳስቱት ይችላሉ።

በምስሉ ላይ የማይመካው ሴንሰር ያለው ነው። ኢዞኖ የተባለው ኩባንያ ማሽን ተራውን የብረት መርፌ ማግኔት አድርጎ ይከታተላል፤ አጠገቡ ብረት ሲበዛ ይዛባል፣ የፕላስቲክ ካቴተርም (ቀጭን ቱቦ) አያውቅም። የፊሊፕስ ኩባንያ ኦንቪዥን የተባለው ዘዴ ደግሞ የቢ ብራውን መርፌ ጫፍ ላይ ባለች ሴንሰር የፕሮቡን ድምፅ ያዳምጣል። ጫፉ ከመስመር ሲወጣም ይጠቁማል። በችሎታ ከሁሉም ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ግን መርፌው አንዴ ተወግቶ ይጣላል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወልድያና ላሊበላ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። የሁለት ዓመት የመርፌ አቅርቦት ውሉ ውስጥ ካልገባ አልፈርምም።

ነርቭ ብሎክና የአንገት ደም ሥር ለሚሠራ ሆስፒታል እኔ ሊኒየር ፕሮብና ጨረር የሚያዘነብለውን እገዛለሁ። ባዮፕሲ ካለ መያዣውን እጨምራለሁ። የኤአይ መስመሩ በነፃ ከመጣ ይምጣ፤ ተጨማሪ ብር ግን አላወጣበትም። የተረፈው ብር ጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዛ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ሻጩ ለማሳየት ሲመጣ የራሱን መለማመጃ ጎማ አትቀበሉት። ከሉካንዳ አንድ ኪሎ ወፍራም ቀይ ሥጋ ግዙ። ጾም ነው ካላችሁ ወሎ ነው ያለነው፣ የሙስሊሙ ሉካንዳ ክፍት ነው። ጄል ቀቡትና በየቀኑ የምትሠሩበትን መርፌ መጀመሪያ በ30፣ ቀጥሎ በ60 ዲግሪ አስገቡ። ምልክቱ ጫፉ ላይ ያርፋል? መርፌውን ስትገፉት አብሮ ይሄዳል ወይስ ይዘገያል? ከዚያ መርፌውን አውጡና ፕሮቡን ጅማት ያለበት፣ ያልተወጋ ቦታ ላይ አሳርፉ። መርፌ ሳይኖር መስመር ካሰመረ ፕሮፎርማውን መልሱለት።