ከአያቶቼ ጓሮ ፎቶዎች ጋር አንድ ወር የቆየ ስካነር

ስካነሩን የገዛሁት ለአንድ አልበምና ለአንድ ፖስታ ፊልም (ፎቶዎቹ የታተሙበት ኔጋቲቭ) ብዬ ነው። አልበሙ ውስጥ ያሉት አያቶቼ ጓሮ የተነሳናቸው ፎቶዎች ናቸው። አብዛኞቹ ወደ ቀይ ሄደዋል። የድሮ የከለር ፎቶ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥም ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚሰጠው ቀለም ነው። ለዚህ ነው የአያቶቼ ሣር ቡኒ የመሰለው።

በስልክም ይቻላል። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፎቶስካን የተባለ መተግበሪያ ስልኩን አራት ነጥቦች ላይ እያዘዋወራችሁ እንድታነሱ ያደርግና አገጣጥሞ ነጸብራቁን ያጠፋል። ለቤተሰብ ግሩፕ ለመላክ አሪፍ ነው። እኔ ግን ፊልሙንም ማየት ፈለግኩ። ለዚያ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር ያስፈልጋል። ስትገዙ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁ፤ የክዳን መብራት የሌለው ለወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀት ላይ በጣም ጎበዝ ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ሳነበው የእህቴ ቀሚስ ላይ ያሉት ቁልፎች ሳይቀሩ ተቆጠሩ። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አይመጣም። የማልወድለት ቀለም ማደሻውን ነው። ሣሩን አረንጓዴ አደርጋለሁ ብሎ የሰዎቹን ፊት አመድ አስመሰለው። አጠፋሁትና ቀለሙን ራሴ ቀስ ብዬ አስተካከልኩ።

ፊልሙ ላይ ነው ልቤን የወሰደው። አንድ ፎቶ አለ፤ እኔና ወንድሜ ጽጌረዳው ሥር ቆመናል፣ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፊልሙን በ2400 ዲፒአይ ሳነበው ግራ ጠርዝ ላይ ክንድ ታየኝ። እጅጌው እስከ ክርን ተጠቅልሏል፣ እጁ የውሃ ጎማ ይዟል። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ጨርቅ ታስሮበታል። ፎቶ ቤቶች ሲያትሙ ብዙ ጊዜ የፊልሙን ጠርዝ በጥቂቱ ይቆርጣሉ፤ ያ ክንድ ወረቀቱ ላይ ኖሮ አያውቅም።

እናቴን ጠራኋት።

«እማ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?»

መነጽሯን አደረገች። ቶሎ አልመለሰችልኝም።

«ውይ! እናቴ ናት» አለች። «ካሜራ ሲወጣ ትሸሽ ነበር እኮ። ጨርቁን ደግሞ እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ እዚያ ጋ ያፈስ ነበር።»

ሴት አያቴ ያለችበት ፎቶ አምስት እንኳ አይሞላንም።

ግን ተጠንቀቁ፤ ይሄ ክንድ ሊያመልጠኝ ትንሽ ነበር የቀረው። የስካነሩ ሶፍትዌር ፍሬሙን ራሱ ፈልጎ ሲያገኝ ጠርዙን በድጋሚ ይቆርጣል። መጀመሪያ ያነበብኩት ላይ ክንዱ አልነበረም። አውቶማቲኩን አጥፉና ክፈፉን በእጃችሁ እስከ ፊልሙ ጫፍ ድረስ ሳቡት። ይህንን ቢያስተካክሉት ምንኛ ደስ ባለኝ።

አቧራ በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው ብርሃን) የሚያጠፋው ነገር ለከለር ፊልም ጥሩ ይሠራል። ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አትክፈቱት፤ ምስሉ የተሠራበት ብር (ማዕድኑ) ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ማሽኑ ምስሉን ከአቧራ ጋር ያምታታዋል። እኔ በጎማ መንፊያ እፍ እያደረግኩ አጸዳለሁ። ፍጥነት አትጠብቁ፤ አንድ ሙሉ ፊልም ምሽቴን ይወስዳል።

ፊልሙ ከጠፋባችሁ ስልካችሁ ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ፊልሙ ካለ ግን ግዙት። እኔ ጋ ገና ያልተነኩ ሦስት ጥቅል ፊልሞች አሉ። እናቴ ማታ ማታ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ትቀመጥና «ጠርዙን አሳየኝ» ትላለች።