ቪትዝ ወይስ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ፦ አዲስ አበባ፣ አያት ዳር ካለ አነስተኛ ሻጭ ሲገዙ

ቤትዎ ከአስፋልት ወጣ ብሎ ኮረኮንች ላይ ከሆነና ልጆች ካሉ፣ ኮሮላውን እናስቀድማለን። የኋላ ዕቃ መጫኛው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከነአስቤዛው ይችላል፤ የሰፈር መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ፣ ባለ 4ኢ (4E) ሞተሩ የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ በሚያዞር የላስቲክ ቀበቶ) ነው። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ከነመወጠሪያው ወዲያው ያስቀይሩ፤ ከተበጠሰ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል።

ቪትዝ (እ.ኤ.አ. 1999–2005) በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ስጋት የለበትም፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ግን የዕቃ ቦታው ጠባብ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ያስነሱት፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ሌላ ቀን ይመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) መበላሸቱን ይጠርጥሩ። የበሩን ግርጌ በማግኔት ይሞክሩ፤ ካልያዘ ስቱኮ (የተበላሸ ቆርቆሮ መሙያ) ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳያመሳክሩ ቀብድ አይስጡ።