ያገለገለ ሳክስፎንና ጊታር፦ ለመደብር መሸጥ፣ በኮሚሽን ማስቀመጥ ወይስ ራስን ችሎ ገዢ መፈለግ?

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ ያሉ ሙዚቀኛ ወዳጆቼ መሣሪያ ሊለውጡ ባሰቡ ቁጥር አሮጌውን የት እንደሚሸጡ ይጠይቁኛል። ለሳክስፎንና ለጥሩ ጊታር መልሴ ኮሚሽን ነው፤ መደብሩ ዕቃችሁን ይዞ ይሸጥላችሁና ድርሻውን ወስዶ ቀሪውን ይሰጣችኋል። ለኪቦርድ አይደለም፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

በ2,000 ዶላር ሊሸጥ የሚችል ጊታር አላችሁ እንበል። መደብሩ በጥሬ ገንዘብ ከእናንተ ሲገዛው ብዙውን ጊዜ ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ይከፍላል፤ ከ1,000 እስከ 1,200 ዶላር። ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው የእርሱ ስለሆነ አልፈርድበትም። በኮሚሽን ሲሆን ድርሻው በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። በ25 በመቶ ብትስማሙ 1,500 ዶላር ይደርሳችኋል። መጠበቅ የሚችል ሰው ቢያንስ 300 ዶላር ለምን ጥሎ ይወጣል?

እንደ ሪቨርብ ባለ የኢንተርኔት ገበያ 5 በመቶ የሽያጭ ክፍያና 3 በመቶ ገደማ የገንዘብ ማስተላለፊያ ተቀንሶ 1,840 ዶላር አካባቢ ይተርፋል። ወረቀት ላይ ኮሚሽኑን ያሸንፋል። ነገር ግን ማሸጊያው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ አልተቆጠሩም። ጊብሰን ጊታር ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ መንገድ ላይ ወድቆ አንገቱ ከተሰበረ፣ በደንብ ቢጠገን እንኳ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል።

ፎርጅዱም ገዢውን አስፈርቶታል። አንድ ጓደኛዬ ከማያውቀው ሰው በርካሽ ያገኘው «ጊብሰን» ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን በሦስት ብሎን የታሰረች ነበረች፤ የእውነተኛው ሁለት ነው። ስለዚህ ገዢ ስሆን ባለሙያ አይቶት መደብር ውስጥ ለተሰቀለው 100 ወይም 200 ዶላር ብጨምር አይቆጨኝም። ሳክስፎን ላይ ደግሞ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ፤ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ፓዶች አየር የሚያስወጡ ከሆነ ሁሉንም ማስቀየር ብዙ መቶ ዶላር ይበላል፣ ርካሹም ውድ ይሆናል።

ኮሚሽን ግን ያለ ጽሑፍ ውል አይሆንም። ዝቅተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ሳያስፈቅዱ እንዳይቀንሱ። ለጥገናና ለማስተካከያ የሚቀነሰው ስንት ነው? ከተሸጠ በኋላ በስንት ቀን ይከፍላሉ? ቢሰረቅ ማን ይተካል? ዕቃው የእናንተ መሆኑም በግልጽ ይስፈር፤ መደብሩ ቢከስር አበዳሪዎቹ እዚያ ያገኙትን ሁሉ የእርሱ ነው ሊሉ ይችላሉ። ሙሉ እንጨት ጊታር በክረምት የምታስቀምጡ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት መጠበቂያ መኖሩን እዩ። ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው እንጨቱ ይኮማተራል፣ አንገቱ ላይ ያሉት የብረት ፍሬቶች ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፣ ሲብስም ፊቱ ይሰነጠቃል። ጥገናው ከእናንተ ድርሻ እንዳይቆረጥ።

ኪቦርድ እንደ ስልክ ነው፤ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወድቃልና መደብር ውስጥ ወራት ማስቆጠሩ ያከስራል። በዚያ ላይ እንደ ኮርግ ባለ ኪቦርድ ውስጥ የተጫኑት የአማርኛ ሪትሞችና ለአንቺ ሆዬ የተስተካከሉት ቅኝቶች ለአሜሪካዊው መደብር ምንም አይደሉም፤ ከመሸጡ በፊት ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሊመልሰውና ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ለሰርግ የሚጫወት ሐበሻ ግን ለእነርሱ ብሎ ይጨምራል፤ ለእርሱ በቀጥታ ሽጡ። ገዢው ወደ አዲስ አበባ ሊልከው ካሰበ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብብ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እዚያ 220 ላይ እንዳይሰካው።