ድራጎንስ ዶግማ ዳርክ አራይዝን፦ ሲመሽ የሚያስፈራ ጌም

ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ። ግራን ሶረን የሚባለው ዋና ከተማ ገብቼ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጥቃቅን ኩዌስት (ጌሙ የሚሰጥህ ስራ) እየለቀምኩ ነው፣ ዋናው ታሪክ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ስለዚህ ይሄን እንደ ሙሉ ሪቪው አትዩት፣ እስካሁን ባየሁት ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለማታውቁት፣ ጌሙ የጃፓኑ ጌም ሰሪ የካፕኮም ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ ኢትሱኖ ይባላል፣ ዴቪል ሜይ ክራይ 3 እና 4 የሚባሉትን የውጊያ ጌሞች የሰራው ሰውዬ ማለት ነው፣ ይሄን ማወቅ ጥሩ ነው ምክንያቱም ኮምባቱ (ውጊያው) ላይ የሱ እጅ በደንብ ይታያል። ኦሪጅናሉ በፈረንጆቹ 2012 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ነው የወጣው፣ ዳርክ አራይዝን የሚባለው ደግሞ በዓመቱ 2013 ላይ አንድ ደሴት ሙሉ ከባድ ዳንጀን (ጭራቅ የሞላበት ጨለማ ስፍራ) ተጨምሮበት የወጣው ነው፣ ፒሲ ላይ 2016 መጣ፣ ስዊች ላይ 2019። ሁለተኛው ክፍል 2024 ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ ስለሱ ሲያወራ እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ አሮጌውን ያዝኩ፣ አንደኛ ኮምፒውተሬ አዲሱን አይሸከምም፣ ሁለተኛ ደግሞ መጀመሪያ የመጣውን ሳላይ የተከተለውን መጀመር አይመቸኝም።

ታሪኩን ባጭሩ። ካሳርዲስ የምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር አለች፣ ዘንዶ ይመጣል፣ አንተ ሰይፍ አንስተህ ትገጥመዋለህ፣ እሱ በጥፍሩ ደረትህን ከፍቶ ልብህን አውጥቶ ይውጠዋል። ትሞታለህ ስትል ትነሳለህ። ልብ የለህም ግን ቆመህ ትሄዳለህ፣ አራይዝን ትባላለህ፣ ስራህ ዘንዶውን ፈልጎ ልብህን ማስመለስ ነው። በቃ ይሄው ነው እስካሁን፣ አጀማመሩ አሪፍ ነው ከዛ በኋላ ግን ታሪኩ ላሽ ብሎ ይጠፋል፣ ሰዎቹም የሚያወሩት የሆነ የድሮ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሰብታይትሉን ቆም ብሎ ማንበብ ይጠይቃል። ለታሪክ ብላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ እስካሁን ብዙ የምሰጣችሁ ነገር የለኝም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። መንገዱ።

የዛሬ ጌሞች ማፑን ከፍተህ የሆነ ነጥብ ነክተህ እዛ ትገኛለህ አይደል? እዚህ እንደዛ አይሰራም። ፌሪስቶን የሚባል ድንጋይ አለ፣ ዳርክ አራይዝን ላይ የማያልቅ አንድ ይሰጡሃል (ኦሪጅናሉ ላይ ይሄ አልነበረም፣ የያኔዎቹ ተጫዋቾች እግዜር ይርዳቸው)፣ ግን ድንጋዩ የሚወስድህ ፖርትክሪስታል የሚባል የመድረሻ ምልክት ያለበት ቦታ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እሱ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በእግርህ ትሄዳለህ። በእግር መሄድ ማለት ደግሞ ከመውጣትህ በፊት ማሰብ ማለት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ የፋኖስ ዘይት ይዣለሁ፣ መድሃኒት አለኝ፣ ሳይመሽብኝ እደርሳለሁ ወይ።

ሲመሽ በእውነት ይመሻል። ብዙ ጌም ላይ ማታ ማለት ስክሪኑ ትንሽ ሰማያዊ ሆኖ ሁሉም ነገር እንደ ቀን የሚታይበት ነው፣ እዚህ ግን ወገብህ ላይ ያለው ፋኖስ ካልበራ ከእግርህ ፊት ያለውን አታይም፣ ፋኖሱ ደግሞ ዘይት ይጨርሳል፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባህም ይጠፋል። ሬሳዎች ከመሬት እየወጡ ይመጣሉ፣ ከሩቅ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ትሰማለህ፣ የጎብሊን ይሁን የምን አታውቅም፣ ዞር ስትል ጨለማ ብቻ። ቀን ላይ ሮጬ ያለፍኩት ጫካ ማታ ስመለስበት ጭራሽ ሌላ ቦታ መሰለኝ። ሆረር ጌም አይደለም እኮ ይሄ፣ ግን ስንቱ ሆረር ነኝ ባይ ጌም እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም። ጎህ ሲቀድና የከተማው ግንብ ከሩቅ ሲታይ የሚሰማህ እፎይታ በሜኑ ተወስደህ ብትደርስ ኖሮ አታገኘውም።

ክብደት የሚባለውም ነገር እዚሁ ላይ ነው የሚገባው። የምትይዘው እቃ ሁሉ ይመዝናል፣ በከበደህ ቁጥር ትንቀራፈፋለህ፣ ስታሚናህም (ጉልበትህ) ቶሎ ያልቃል። ካራክተርህን ስትሰራ የመረጥከው ቁመትና ውፍረትም ለመልክ ብቻ አይደለም፣ ግዙፍ ሰውነት ብዙ ይሸከማል፣ ቀጭኑ ደግሞ ስታሚናው ቶሎ ይመለሳል። ስጋና ፍራፍሬ ከያዝክ ቀናት ሲያልፉ ይበላሻል፣ መጀመሪያ ይጎመዝዛል ከዛ ይበሰብሳል፣ አየር በማያስገባ ፍላስክ ውስጥ ካላስቀመጥከው። ይሄ ሁሉ ለአንዳንድ ሰው ጭቅጭቅ ነው፣ ይገባኛል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ ምክንያቱም ጉዞው ጉዞ የሚሆነው በዚህ ነው።

ኮምባቱ ላይ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ካፕኮሞች ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ ሶስት ቮኬሽን (የተዋጊ አይነት) ነው ያለው፣ ፋይተር በሰይፍና በጋሻ፣ ስትራይደር በሁለት ጩቤና በአጭር ቀስት፣ ሜጅ በአስማት። ስትራይደር ነው የያዝኩት፣ ፈጣን ነው፣ መውጣት ላይ ማንም አይደርስበትም። ምን መውጣት ካላችሁ፣ ትልልቆቹን ጭራቆች በእጅህ ይዘህ ትወጣባቸዋለህ። ሳይክሎፕስ እግር ስር ቆመህ ስትቆራርጥ ብትውል ውጤቱ ዘገምተኛ ነው፣ በጀርባው ተንጠላጥለህ ጭንቅላቱ ጋ ደርሰህ ያቺን አንድ አይኑን ስትወጋት ግን ይጮሃል ይንገዳገዳል፣ እጁን ልኮ ሊይዝህ ይሞክራል፣ አንተ ደግሞ ስታሚናህ እየወረደ ነው፣ ካለቀ ወደ ታች ነው፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጨምር ወይስ ልዝለል የሚለው ሂሳብ ጭንቅላትህ ውስጥ ይዞራል። ሌላ ጌም ላይ ይሄን የሚያደርገው ካትሲን (ዝም ብለህ የምታየው ቪዲዮ) ነው፣ እዚህ ራስህ ነህ።

እያንዳንዱ ጭራቅ የራሱ መላ አለው። ሳውሪያን የሚባሉት እንሽላሊት መሳዮች ጅራታቸው ከተቆረጠ ይደክማሉ። ኪሜራ አንበሳ ነው፣ ጀርባው ላይ ፍየል ጅራቱ ላይ እባብ አለው፣ ፍየሏ አስማት ትደግማለች እባቡ መርዝ ይተፋል፣ የትኛውን ቀድሜ ልግደል የሚለውን አንተ ትወስናለህ። ሃርፒ የሚባሉት ክንፋም ጭራቆች ዘፍነው ያስተኙሃል። ግሪፊን ክንፉ በእሳት ከተያያዘ መብረር ያቅተዋል። ይሄን ሁሉ ጌሙ በቱቶሪያል ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም፣ በትግል መሃል ነው የምታውቀው፣ አለበለዚያ ደግሞ ከፖውኖችህ፣ አብረውህ ከሚዋጉት ጓደኞችህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፖውኖቹ። አራት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት፣ አንዱን ፖውን መልኩን ድምጹን ቁመቱን ራስህ ትሰራዋለህ፣ እሱ እስከመጨረሻው ያንተ ነው፣ ከአንተ ጋር ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) ይጨምራል። ሁለቱን ግን ሌሎች ተጫዋቾች ከሰሯቸው ነው የምትከራየው፣ ሪፍት የሚባል ቦታ ገብተህ ሲመላለሱ ታያቸውና ትመርጣለህ፣ በሌቭል ከአንተ የማይበልጡት በነጻ ናቸው። እነሱ ሌቭል ስለማይጨምሩ ትንሽ ስትቆይ መቀየር አለብህ። የሚገርመው ደግሞ ያንተም ፖውን አንተ ጌሙን ዘግተህ ስትተኛ ኦንላይን ከሆንክ ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ይዋጋል፣ ሲመለስ አንዳንዴ ስጦታ ይዞ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዛ ያየውን ይዞ ይመጣል፣ አንተ ያልሰራኸውን ኩዌስት እሱ ሰርቶት ከሆነ መንገዱን ያሳይሃል። ከማላውቀው ሰው ጋር ሳላወራው አብሬው የምጫወት ነው የሚመስለኝ። የሰው ልጅ ነጻነት ሲሰጠው ምን አይነት ካራክተር እንደሚሰራ ለማየትም ሪፍት መግባት በቂ ነው፣ አለባበሳቸውን ተዉት።

ትግል ላይ አእምሯቸው ከጠበቅኩት በላይ ነው። ፋይተሩ ተንበርክኮ ጋሻውን ይዘረጋልሃል፣ ሮጠህ ስትረግጠው ወደ ላይ ይወረውርህና የሚበር ጭራቅ ላይ ትንጠለጠላለህ። ሜጇ ሳልጠይቃት ጩቤዬ ላይ እሳት ትለኩሳለች። አንዱ ጎብሊን ከኋላ ሲይዝልኝ እኔ እጨርሰዋለሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው ብዬ አልዋሽም፣ ገደል ገብተው የሚቀሩም አሉ፣ ባሕር ውስጥ ደግሞ ብራይን የሚባል ነገር አለ፣ ትንሽ ጠለቅ ካለ ውሃ የገባውን ሁሉ ስቦ ይወስዳል፣ ፖውኖቼን በተደጋጋሚ የሚበላብኝ እሱ ነው።

ወሬያቸው ግን፣ ወይ ጉድ። ልብ አድርቅ ናቸው። ተኩላ ባየህ ቁጥር ተኩላ በመንጋ ነው የሚያድነው ይሉሃል፣ ጎብሊን ባየህ ቁጥር ጎብሊን እሳት አይወድም፣ መንገድ ዳር ሳጥን ካለ ሳጥን አለ፣ ተራራ ካለ ተራራው ትልቅ ነው። አንዱ ያለውን ሌላው ይደግመዋል። መጀመሪያ ላይ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ አናደደኝ፣ አሁን ደግሞ ማታ ጫካ ውስጥ ዝም ሲሉ ጭንቅ ይለኛል። እንግዳ ማረፊያ ያለችው ወንበር ላይ አስቀምጠህ ስትነግራቸው የወሬያቸውን ልክም የትግል ጸባያቸውንም ትንሽ መቀየር ይቻላል፣ ለሚያስመርራችሁ።

እስካሁን ካየሁት ምርጡ የወታደሮቹ ካምፕ ላይ ማታ የሚመጣው ሃይድራ ነው። ድንኳን ውስጥ ተኝተህ ተነስተህ ትወጣለህ፣ እባብ የመሰለ አንገት ከጨለማው ብዙ ሆኖ ይወጣል፣ ሰው ይውጣል፣ ወታደሮቹ ይተራመሳሉ፣ አንገቱ ላይ ወጥተህ አንዱን ጭንቅላት ስትቆርጥ ትቶ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ቦስ (ትልቅ ጭራቅ) ገና ከመጀመሪያው! ከዛ የተቆረጠውን ጭንቅላት በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ዋና ከተማው ማጀብ አለ፣ በሬው ቀስ ይላል፣ ጎብሊኖች ከገደሉ ላይ ድንጋይ ይለቁብሃል፣ ግን ግራን ሶረን ስትገባ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጋሪውን ሲያይ የሆነ ነገር የሰራህ ይመስልሃል። እዛ ሌቭል 10 ከደረስክ ቮኬሽን መቀየር ትችላለህ፣ ሶርሰረር፣ ሬንጀር፣ አሳሲን፣ ማጂክ አርቸር ምናምን ይከፈታል፣ ሁለት ሶርሰረሮች አንድ አይነት አስማት አብረው ከጀመሩ ቶሎ ያልቅላቸዋል፣ ትንሿ ዝርዝር ነገር ሁሉ ታስቦበታል።

ደባሪዎቹን በፍጥነት ላንሳ። ሴቭ ማድረጊያው አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ካራክተር ልሞክር ካልክ የመጀመሪያውን ማጥፋት ነው። ጠላቶች ሁልጊዜ እዛው ቦታ ላይ ናቸው፣ እዛች ድንጋይ ጋ ሶስት ሽፍታ ካለ ነገም ሶስቱ እዛው ይጠብቁሃል፣ መንገዱን በወደድኩት ልክ ይሄ ነገር ያበሽቀኛል። ሽፍቶቹ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከጭራቆቹ የባሱ ናቸው፣ ሌቭልህን ሳያዩ ነው የሚጨፈጭፉህ። ሜኑው ዝብርቅርቅ ያለ ነው፣ እቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ብዙ መነካካት ይፈልጋል። የአጅበኝ ኩዌስቶች ነፍ ናቸው፣ የሚታጀበው ሰውዬ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ጠላት የሚሮጥ አይነት ነው። ግራፊክሱ አርጅቷል፣ ፒሲ ላይ ጠራ ያለ ነው፣ ፊቶቹ ግን እንደ ሰም ናቸው።

ከባዱ ግን ይሄ ነው፦ ጌሙ ሳይነግርህ የሚያልፉ ኩዌስቶች አሉ። ዋናውን ታሪክ ትንሽ ወደ ፊት ከገፋኸው የተውካቸው የጎን ስራዎች አንዳንዶቹ ይዘጋሉ፣ ማስጠንቀቂያ የለም ምንም የለም። ስለዚህ የምትጀምሩ ካላችሁ ዋና ከተማው እንደገባችሁ ቤተመንግስቱ ወደሚሰጠው ስራ አትሩጡ፣ ከሰዉ ጋር አውሩ፣ ሰሌዳውን አራግፉ፣ ዘይት ግዙ፣ ፖውናችሁን ደግሞ ሜጅ አድርጉት፣ መጀመሪያ ላይ የሚፈውስ ካጣችሁ መድሃኒት ስትገዙ ነው ገንዘባችሁ የሚያልቀው። እኔ ዋናውን ታሪክ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ከከተማው ውጪ ባለው መንገድ ላይ አንድ ግሪፊን አለ፣ በተጎዳ ቁጥር ተነስቶ ይበራል፣ አሁን እሳት የምትለኩስ ሜጅ ተከራይቼለታለሁ።